የመጨረሻው መታጠፊያ

ሾፌሯ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው የከተማ አውቶቡስ መሪ ይዛ ነው። የምትነዳው የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ የመጨረሻ ፌርማታው ከከተማው ዳር፣ ከአንድ ትንሽ የበረራ ክበብ አጥር ሥር ነበር። እዚያ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፤ እሷም አሥራ አንድ ደቂቃ ታርፋለች። ሌሎቹ ሾፌሮች በዚያች አሥራ አንድ ደቂቃ ሸለብ ያደርጋቸዋል። እሷ ግን ግንባሯን የሽቦው አጥር ላይ አስደግፋ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሲነሱና ሲያርፉ ታያለች። ስንት ዓመት እንዲህ ቆማ እንዳየች ራሷም በውል አታውቀውም። በአንድ የዕረፍት ቀኗ ታዲያ ሌላ ሰው በሚነዳው አውቶቡስ ተሳፍራ መጣችና በክበቡ በር ገባች።

መጀመሪያ ያገኘችው ከአንድ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተንጋለው ዘይት የሚጠርጉ ሽማግሌ ነበር።

«ምን ልርዳሽ?» አሏት፣ ሳይነሱ።

«መብረር መማር ፈልጌ ነበር።»

«አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«አውቶቡስ እነዳለሁ።»

ሽማግሌው እየተሳቡ ወጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አይዋት። ያዩት ግን ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነው። «እጅሽ ቶሎ ይለምዳል» አሉ። «የሚያስቸግረን እግርሽ ነው።»

ሽማግሌው የክበቡ ዋና አስተማሪ ነበሩ፤ ጋሽ ኳሷ ይሏቸዋል። ለክበቡ እንግዳ ለሆነ ሰው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ይመስሉታል። ስሙ የወጣላቸው ግን በሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ አውሮፕላን መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ጎበጥ ያለች አጭር የመስታወት ቱቦ አለች፤ በውስጧ አንዲት ጥቁር ኳስ ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። አውሮፕላኑ ተስተካክሎ ሲበር ኳሷ መሐል ትቀመጣለች፤ ጭራው ወደ ጎን ሲንሸራተት ወደ ዳር ትሸሻለች። ጋሽ ኳሷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጠው የሚጠይቁት ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው። «ኳሷ የት ናት?»

ሾፌሯ ለባሏ የነገረችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ማጉሊያውን ከዓይኑ ላይ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስንት ጊዜ ወጣሽ?» አላት።

«አምስት።»

«ስንት ጊዜ ወረድሽ?»

«አምስት።»

«እንግዲያው እስካሁን ልክ ነው» አለና ማጉሊያውን መልሶ አደረገ። እጁ ግን ወደ ሰዓቱ እስኪመለስ ጊዜ ወሰደበት፤ አይታዋለች።

አብራቸው ለምትኖረው እናቷ እውነቱን ለመናገር ድፍረቱን አላገኘችም። ሥልጠና ላይ ነኝ ብላ አለፈችው።

«አዲስ አውቶቡስ መጣ?» አለች እናቷ።

«መጣ። ትንሽ ናት፣ እማዬ። ሁለት ሰው ነው የምትይዘው።»

«ሁለት ሰው? የሚቆሙትስ?»

«የሚቆም የለም።»

«ጎሽ» አለች እናቷ። «ግፊያው ሲያንስ አንቺም ታርፊያለሽ።»

ትምህርቱ በመጀመሪያው ወር እንደ ጨዋታ ሄደላት። መነሳት ወደደች፤ ቀጥ ብሎ መብረር ወደደች። ጋሽ ኳሷም እጅሽ ለስላሳ ነው ብለው መሰከሩላት። የቆሙ ሰዎች ጭኖ ፍሬን ሲይዝ የኖረ ሰው መቼም አይደነባበርም። ችግሩ የመጣው ማረፍ ሲጀምሩ ነው፤ እሱም በአንዲት ቦታ ብቻ።

ለማረፍ የሚመጣ ትንሽ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን አራት ማዕዘን አድርጎ ይዞራል። መጀመሪያ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን፣ ከሚያርፍበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይበራል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ትንሽ ሄዶ አሁንም ወደ ግራ ይታጠፍና አፍንጫው ከማኮብኮቢያው ጋር ይገጥማል። ይህች የመጨረሻዋ መታጠፊያ ናት ሾፌሯን ያስቸገረቻት። ነፋሱ ከኋላዋ ሲገፋት መታጠፊያዋ ይሰፋል፤ የማኮብኮቢያው መስመር ከፊቷ ተንሸራቶ ወደ ግራ ያመልጣታል። እሷም የአውቶቡስ ሰው ናትና፣ መንገድ ሲሰፋባት ልማዷ መሪ መጨመር ነው። አውሮፕላን ላይ ደግሞ አፍንጫን ወደ ጎን የሚያዞረው በእግር የሚረገጠው ፔዳል ነው። ግራ እግሯ ሳታዝዘው ይጫናል።

«ኳሷ የት ናት?» ይላሉ ጋሽ ኳሷ።

«ቀኝ ዳር።»

«ለምን?»

«እንጃ፣ ጋሼ። አሁን መሐል ነበረች።»

ለአሥር ቀን እንዲሁ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ኳሷ ማረፉን ትተው፣ «ዛሬ ከፍ እንላለን» አሏት። ቀበቶዋን ራሳቸው አጠበቁላት፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍና እርሳስ ሁሉ አስወጧት። አውሮፕላኗ ለዚህ ሥራ የተፈቀደች፣ በየወሩም የምትመረመር መሆኗን ነገሯት። «የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ እነግርሻለሁ። ምንም ነገር በድንገት አይሆንም» አሉ። ይህን ማለታቸው ይበልጥ አስፈራት።

ከመሬት አምስት ሺህ ጫማ ላይ ደረሱ። ከሥራቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ የመስኖ ቦይ አለ።

«ያ ቦይ ማኮብኮቢያሽ ነው» አሉ። «ሁልጊዜ እንደምታደርጊው አድርገሽ ታጠፊበት። ምንም አታሻሽይ።»

ፍጥነት ቀነሰች፤ ወደ ግራ ታጠፈች። ነፋሱ ገፋት፤ ቦዩ ከፊቷ ተንሸራቶ አለፈ።

«አመለጠሽ። አሁን እንደ ልማድሽ።»

ግራ እግሯ ተጫነ። አፍንጫው ወደ ቦዩ ተሳበ፤ ደስ አላት። የግራው ክንፍ ከሚገባው በላይ ስላዘነበለ እጇ የመሪውን ዘንግ ወደ ቀኝ ያዘ። አፍንጫው ደግሞ ወደ ታች ወረደባትና ዘንጉን ወደ ራሷ ጎተተችው። ሦስቱም ነገር ትክክል መስሎ ተሰማት። ፍጥነት ሲያንስ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ሲያላዝን ሰማች፤ መቀመጫዋ ሥር አውሮፕላኗ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ የግራው ክንፍ፣ ከሥሩ ወለል እንደተከፈተበት ነገር፣ ወደ ታች ሄደ።

ሰማይ የሚባል ነገር ጠፋ። ፊት ለፊቷ ያለው መስታወት በሙሉ ምድር ሆነ፤ ምድሩም እንደ እንዝርት ይሾር ነበር። ቦይ፣ እርሻ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እንደገና ቦይ። የጋሽ ኳሷ ድምፅ ግን ሻይ ላይ እንደሚያወሩ ያህል ነበር።

«የሞተር ጉልበት ዜሮ። ዘንጉን መሐል። ቀኝ እግርሽን እስከ ጥግ። አሁን ዘንጉን ወደፊት። ጎሽ። ቆመ? እግርሽን መልሺ። ቀስ ብለሽ ጎትቺ።»

ምድሩ መሽከርከሩን አቆመ፤ ሰማዩ ከላይ በኩል ወርዶ ቦታውን ያዘ። አውሮፕላኗ ምንም እንዳልሆነች ቀጥ ብላ በረረች።

«ስንት ጫማ ወረድን?» አሏት።

ሰሌዳውን አየች። «ዘጠኝ መቶ።»

«ለማረፍ ስትመጪ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከመሬት ስንት ጫማ ነሽ?»

አሰበች። «አራት መቶ።»

ዘጠኝ መቶውንና አራት መቶውን በልቧ አስተያየች፤ ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣባት። ለአሥር ቀን ምን እንዳሸነፋት ያላወቀችውን ነገር ዓይኗ አየው። መልክ አለው፤ ድምፅ አለው፤ መንቀጥቀጥ አለው። ሲመጣ ይታወቃል።

«እንደገና» አለች።

«እ?»

«እንደገና፣ ጋሼ። ከመገልበጧ በፊት ልያዛት።»

ጋሽ ኳሷ ሳቅ ብለው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፤ እንደገና ከፍ አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ ዘገየች፤ ግማሽ ዙር ሾረች። ሦስተኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ እንደ ጀመረ ዘንጉን ለቀቅ አደረገች፣ ግራ እግሯን አነሳች፣ ኳሷ ወደ ሸሸችበት ወደ ቀኝ ረገጠች፤ ክንፉም ሳይወድቅ ቀረ። አራተኛውን ጊዜ እስከ መንቀጥቀጡም አላደረሰችውም። ሲወርዱ ሸሚዟ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ፣ ፊቷ ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኳሷ በአውሮፕላን ማቆሚያው የሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ማኮብኮቢያ ሣሉ። ከጎኑ አራት ማዕዘኑን ሣሉና ሁለቱን ሹል ማዕዘኖች በጫማቸው ጠረጓቸው። በምትኩ አንድ ሰፊ ግማሽ ክብ አሰመሩ።

«ተራመጂበት» አሏት።

ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ተራመደች። አርባ ሦስት ዓመቷ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በጠመኔ መስመር ላይ ክንፍ ዘርግታ። አላፈረችም።

«አሁን ማኮብኮቢያው ከዓይንሽ ይጠፋል?»

«አይጠፋም። መዞር ከጀመርኩ ጊዜ ጀምሮ ይታየኛል።»

«በዚያኛው ግን ሁለት ጊዜ ትታጠፊያለሽ፤ ነፋስ ምን እንዳደረገሽ የምታውቂው በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ዝቅ ብለሻል፣ ፍጥነትሽም ትንሽ ነው፣ ትቸኩያለሽ። በዚህኛው አንድ ለስላሳ መዞር ብቻ ነው። ነፋሱ ሲገፋሽ ቀድመሽ ታይዋለሽ፤ ቀድመሽ ትንሽ ታርሚያለሽ። ክብ ስለሆነ ብቻ አያድንሽም፤ ኳሷም መሐል መሆን አለባት፣ ክንፉም ከዚህ በላይ ማዘንበል የለበትም።» በእጃቸው አሳዩዋት። «አሁን ደግሞ ዋናው ነገር። ፌርማታ ቢያመልጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወደሚቀጥለው እሄዳለኋ።»

«መሪ ጠምዝዘሽ አትገቢም?»

«የቆመ ሰው አለ እኮ፣ ጋሼ። ይወድቃል።»

«በቃ» አሉ ጋሽ ኳሷ። «መስመሩ ካመለጠሽ አመለጠሽ። ሙሉ ጉልበት ትሰጪያለሽ፣ ቀጥ ብለሽ ትወጪያለሽ፣ እንደገና ትዞሪያለሽ። ቀኑን ሙሉ ብትዞሪ ማንም አይቆጣሽም።»

በዚህ መሐል ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። የሳቀው ካፒቴኑ ነው። ካፒቴን ይባል እንጂ ጡረታ የወጣ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ የራሱ አውሮፕላን አለው፣ የሚያደርገውም ቆብ ወርቃማ ጥለት አለበት።

«በዚህ ክበብ ሃያ ስድስት ዓመት ስበር» አለ ካፒቴኑ፣ «አንድም ቀን ሳላርፍ ቀርቼ እንደገና ዞሬ አላውቅም። ደግሞ ክብ ምንድን ነው? እኛ የተማርነው አራት ማዕዘን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ኳሷ፣ ጠመኔያቸውን ከእጃቸው እያራገፉ። «ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አሁን ተሽሎኛል።»

ክበቡ ተሰብስቦ ተነጋገረበት። በሬዲዮ አስታውቆ በክብ መዞር የፈለገ በክብ እንዲዞር ተስማሙ። ሾፌሯም ሦስት ሳምንት በክብ ዞረች፤ ሦስት ጊዜ መስመሩ አመለጣት፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደገና ዞረች። ግራ እግሯ ፔዳሉን ለመርገጥ ማሳከኩን አልተወም። እሷ ግን አወቀችው።

ብቻዋን የምትበርበት ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ማረፍ አለባት፤ ጋሽ ኳሷ ከማኮብኮቢያው ዳር በእጅ ሬዲዮ ይከታተሏታል። ባሏ ዛሬስ አልቀርም ብሎ እናቷን ይዞ መጣ። የት እንደሚሄዱ በመንገድ አልነገራትም።

«ልጄ የታለች?» አለች እናቷ፣ አጥሩ አጠገብ ሲደርሱ።

ባሏ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። «ያቻት።»

እናቷ ጣቱን ተከትላ አየች። ነጭና ቀይ የሆነች፣ ከአውቶቡስ ጎማ የማትበልጥ የምትመስል ነገር ከዛፎቹ በላይ እየወጣች ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ያገኘችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሥልጠና አለችኝ» አለች።

«ሥልጠና ነው።»

«አንተም ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ማታ ቤት እንነጋገራለን» አለች እናቷ። ዓይኗን ግን ከሰማዩ አልነቀለችም።

ላይ ያለችው ሾፌር ይህን ሁሉ አታውቅም። ጋሽ ኳሷ ከጎኗ ስለሌሉ አውሮፕላኗ ቀልላ ከምትጠብቀው በፊት ነበር ከመሬት የዘለለችው። ባዶውን መቀመጫ አየችው፤ ሳቋ መጣ። ብቻዋን ጮክ ብላ፣ «ኳሷ የት ናት?» አለች፤ «መሐል» ብላ ለራሷ መለሰች።

ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን ስትበር ግን ነፋሱ ከጠዋቱ እንደጨመረ አየች። ከቀኝ መጥቶ ወደ ማኮብኮቢያው ይገፋታል። መዞር ጀመረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ መስመሩ ወደ ግራ መንሸራተት ጀመረ። ክንፏ እስከተፈቀደላት ድረስ አዘንብሏል። ግራ እግሯ እንደ ሰው ለመናት፤ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ትገቢያለሽ አላት።

«የቆመ ሰው አለ» አለች ለእግሯ። ክንፎቿን አቃናች፣ ሙሉ ጉልበት ሰጠች። አውሮፕላኗ አጉረመረመችና ወጣች።

«ለምን አልወረደችም?» አለች እናቷ ከታች።

«ፌርማታው ሞልቶ ይሆናል» አለ ባሏ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

ሁለተኛውን ዙር አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ትንሽ አዙራ፣ ከማኮብኮቢያው ራቅ ብላ በረረች፤ መዞሩንም ቀደም ብላ ጀመረች። መስመሩ ላይ ቆንጆ አድርጋ ገባች፤ ግን ከፍ ብላለች። አፍንጫውን ደፍታ ልትወርድ አሰበች፤ ተወችው። እንደገና ዞረች።

ካፒቴኑ ከራሱ አውሮፕላን ጎን ቆሞ ክንፉን በጨርቅ እየወለወለ ያይ ነበር። «ነዳጁን ልትጨርስልን ነው የወጣችው?» አለ። ጋሽ ኳሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

በሦስተኛው ዙር ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መዞሩ አንድ ረጅም ለስላሳ መስመር ሆነ፤ ማኮብኮቢያው ከጎኗ ወደ ፊቷ እየመጣ በስተመጨረሻ እንደ መሳቢያ ገጠመ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም። ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ አንዴ ብቻ ጭርር አሉ። ሾፌሯ ወደ ዳር ስትወጣ ጉንጮቿ በሳቅ አመሟት። ባሏ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቅ ነበር።

በሬዲዮ የጋሽ ኳሷ ድምፅ መጣ። «አንድ። ሁለት ቀረሽ። ወደ መነሻው ተመለሽ።»

ወደ መነሻው ዳር እየነዳች ስትመለስ ካፒቴኑ በራሱ አውሮፕላን ቀድሟት ተነሳ። እሱ አንድ ዙር ዞሮ እስኪያርፍ ድረስ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ውጭ መቆም ነበረባት። አፍንጫዋን ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙራ፣ ሞተሯን በዝግታ እያስኬደች ጠበቀች። ነፋሱ አሁን ሣሩን ያስተኛዋል።

ካፒቴኑ በአራት ማዕዘን መጣ። የመጀመሪያውን ታጠፈ። ነፋሱ ከኋላው ገፋውና ከወትሮው ፈጥኖ መጣ። የመጨረሻውን መታጠፍ ሲጀምር ሾፌሯ ገና ሳይሆን አወቀችው፤ መስመሩን ያልፈዋል። አለፈው።

አውሮፕላኑ ክንፉን አስተካክሎ እንዲወጣ ጠበቀች። አልወጣም። የግራው ክንፍ ይበልጥ አዘነበለ። አፍንጫው ደግሞ ከክንፉ ቀድሞ፣ በእጅ እንደሚጎተት ነገር፣ ወደ ማኮብኮቢያው ይሳብ ጀመር። ዓይኗ ያንን መሳብ ያውቀዋል። ከመስኖው ቦይ በላይ አይታዋለች። በውስጡ ያለውን እግር ያየችው ያህል ነበር። ጋሽ ኳሷ ከማኮብኮቢያው ሌላ ዳር ናቸው፤ ከእሳቸው ይልቅ እሷ ቀርባለች።

የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። የወጣው ድምፅ የተማሪ ድምፅ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት ታጭቆ የቆመን ሰው ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ ሲል የኖረው ድምፅ ነው፤ አይጮህም፣ ግን የሚቃወመው የለም።

«ካፒቴን፣ ግራ እግርዎን ያንሱ። ዘንጉን ይልቀቁ። ሙሉ ጉልበት። መስመሩ አምልጦዎታል፤ ይዙሩ።»

አንድ ቅጽበት ምንም አልሆነም። የአውሮፕላኑ ጭራ ሲንዘፈዘፍ አየች። ከዚያ አፍንጫው ዝቅ አለ፤ ክንፎቹ ተቃኑ፤ የሞተሩ ጩኸት ከፍ ብሎ በጆሮዋ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ቀኝ፣ ከዛፎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ። መውጣት ጀመረ። ወጣ።

ሾፌሯ ቁልፉን ለቀቀችው።

«ሾፌር» አለ የጋሽ ኳሷ ድምፅ፤ እሳቸውም ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

«ከጫፉ ውጭ ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እሱ እስኪያርፍ ቆይ። ከዚያ ይብቃኝ ካልሽ ይበቃሻል፤ ማንም ምንም አይልሽም።»

ካፒቴኑ በሁለተኛው ዙር ሰፋ አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ መጣ። ሲያርፍ ሁለት ጊዜ ነጠረ፤ ግን አረፈ። ሾፌሯ ከጎኗ ካለው ጠርሙስ ውኃ ጠጣች፤ ጣቶቿን ዘርግታ ጨበጠች።

«ጋሼ» አለች በሬዲዮ፣ «ሁለቱን ልጨርስ።»

«ውጪ።»

ተነሳች። ዞረች፣ አረፈች። ተነሳች፣ ዞረች፤ በመጨረሻው ዙር ነፋሱ ክፉኛ ገፋትና መስመሩ ትንሽ አመለጣት፤ ምንም ሳታስብ ወጥታ እንደገና ዞረችና አረፈች። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ባሏ አቀፋት። እናቷ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረች መረመረቻት።

«አልተጎዳሽም?»

«አልተጎዳሁም፣ እማዬ።»

«ቁጣዬ ለማታ ነው» አለች እናቷ፤ አንገቷን ስባ ሳመቻት።

ካፒቴኑ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ። ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ጋሽ ኳሷም ከወዲያ በኩል እየተራመዱ ደረሱ።

«እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር» አለ ካፒቴኑ። «እስከ ግማሽ። መንቀጥቀጡም ተሰምቶኛል። ትንሽ ልጎትት፣ ገባሁ ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ ሾፌሯ ዞረ፤ እስከዚያን ቀን አንቺ ሲላት የኖረው ሰው፣ «እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ እጎትት ነበር» አላት።

«ዓይኔ ለምዶት ነው» አለች ሾፌሯ።

«እርስዎም እንደ ልጄ ሥልጠና ላይ ነዎት?» አለች እናቷ፣ በቅን ልቦና።

ካፒቴኑ አያት፤ ጋሽ ኳሷን አየ። «ነበርኩ» አለ። «አቋርጬው ነው እንጂ።»

ጋሽ ኳሷ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ። ቁልፍህንና እርሳስህን ቤት ትተህ ና።»

እሁድ ጠዋት ሁለቱ አብረው አምስት ሺህ ጫማ ላይ ወጡ። ሾፌሯ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ ምን እንደሆነ አላየችም። የሰማችው ካፒቴኑ ሲወርድ ቆቡ የት እንደገባ ለመፈለግ ግማሽ ሰዓት እንደፈጀበት ነው። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ በክበቡ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ ሰሌዳ ተሰቀለ። ላይኛው መስመር ላይ ጋሽ ኳሷ በትልልቁ፣ «ያመለጣቸውና እንደገና የዞሩ» ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩም ማንም ሳይፈር ስሙን እንዲጽፍ አሳሰቡ። በመጀመሪያው ወር አሥራ ሰባት ጊዜ ተጻፈ። ከአሥራ ሰባቱ አምስቱ የካፒቴኑ ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው በደመቀ ቀለም ነው የሚጽፈው። ሾፌሯ ፈቃዷን ያገኘችው በአምስተኛው ወር ነው፤ ፈታኙ ለማረፍ ሲመጡ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ መስመሩ ሲያመልጣት ምን እንደምታደርግ ሊያይ ፈልጎ ሆነ ብሎ መዞሩን አዘገየባት። እሷም ሳይጠይቃት ጉልበት ሰጥታ ወጣች፤ ፈታኙ ሊያይ የፈለገውን አይቷልና ብዕሩን ኪሱ ከተተና በቀሪው ዙር በመስኮቱ ውጭውን እያየ ሄደ።